የምትዘገየዋ ኮከብ

ባነሩ እስካሁን አልወረደም። የትምህርት ቤታችን በር ላይ ከጥበቃው ቤት እስከ አጥሩ ጥግ ተወጥሮ፣ የቆቦ ፀሐይ ቀለሙን እየላጠው፣ «መምህርታችን የኮከብ ጓደኛ በማግኘቷ እንኳን ደስ አለን!» ይላል። ጓደኛ ከሚለው ቃል ጎን አንዱ ባለጌ ተማሪ በእስክሪብቶ ልብ ስሎበታል። ርዕሰ መምህሩን አውርደው ብዬ ስንቴ እንደለመንኩት እኔ ነኝ የማውቀው፤ «ተይው አቦ፣ ማን ያነበዋል?» ይለኛል። ማን ያነበዋል! ከጎብዬም ከሮቢትም የሚመጣው ሚኒባስ ሁሉ እዚያው በር ላይ አይደል እንዴ ሰው የሚያራግፈው? ገበያ የምትወርድ ሴት ሳትቀር «እንዴት አደርሽ፣ የኮከብ ሚዜ» እያለችኝ ነው የምታልፈው። እኔም ጥርሴን አሳይቻት እሸሻለሁ። ባነሩ ላይ የተጻፈው ነገር አልሆነማ።

ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁትም የማስተምረውም እዚሁ ቆቦ ነው። ሁለተኛ ዲግሪዬን በክረምት ፕሮግራም ስማር ለመመረቂያ ጽሑፌ አንዲት ኮከብ መረጥኩ፤ ማን ምረጪ እንዳለኝ እንጃ! ጓደኞቼ ስለ ፀሐይ ኃይል፣ ስለ ውኃ ፓምፕ ጽፈው በጊዜ ተገላገሉ። የእኔዋ ኮከብ ከምትነፋና ከምትኮማተር ዘር ናት። እንደ ወናፍ ትነፋለች፣ ትሟሽሻለች፤ ብርሃኗም አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። ይህን የምታደርገው በልክ ስለሆነ ቀጥሎ መቼ ደምቃ እንደምትታይ አስቀድሞ ማስላት ይቻላል።

ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው። ደምቃ የታየችበትን ሰዓት ይዘን፣ ትደምቃለች ብለን ያሰላነውን ሰዓት እንቀንስበታለን። ልዩነት ከሌለ ኮከቧ ብቻዋን ናት ይባላል። አንድ ጊዜ ዘግይታ ሌላ ጊዜ ቀድማ ከመጣች ግን ከማናየው ሌላ ኮከብ ጋር ተያይዘው እየተዟዟሩ ነው ማለት ነው። በዙሯ ከእኛ ስትርቅ ብርሃኗ ተጨማሪ መንገድ ስለሚጓዝ ይዘገያል፤ ስትቀርብ ይቀድማል። ጓደኛዋን በዓይኑ ያየ የለም፤ መኖሯ የሚታወቀው በዚችኛዋ መዘግየትና መቅደም ብቻ ነው።

አማካሪዬ ርዕሱን ሲሰማ «ከባድ ነው፣ ግን ቆንጆ ነው» አለኝ። ከባድነቱን አየሁት፤ ቁንጅናውን እስካሁን እየፈለግሁ ነው። አንዴ መንገድ ተዘጋ፣ አንዴ ኔትወርክ ጠፋ እያልኩ ጊዜ ሳስጨምር ከረምኩና በመጨረሻ ከዩኒቨርሲቲው ቁርጥ ያለ ቃል መጣ፤ በዚህ ሰኔ ካላቀረብኩ ስሜ ይሰረዛል።

ካሜራው የታናሽ ወንድሜ ነው። ሠርግ ፎቶ አንሺ ነበር፤ ከራያ ቆላ ቀበሌዎች ይጠሩት ነበርና ደንበኛ አላጣም። ግን እኩዮቹ አንድ በአንድ ሲሄዱ እሱም ልቡ ሸፈተ። ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ በአፋር በኩል ወደ ባሕሩ ወረደ። ከባሕሩ ዳር አንድ ጊዜ ደወለ። «ነገ እንሻገራለን፣ እማዬ ዱዓ አድርጊልኝ» አላት። ከዚያ ወዲህ ድምፁም ወሬውም የለም።

ዓመት ሲሞላው ዘመዶች ሐዘን ሊቀመጡ መጡ። እናቴ ደጅ ላይ ቆማ «ማን ሞተ?» አለቻቸው። ሁለተኛ ማንም አልደፈራትም። ካሜራውን በሻሽ ጠቅልላ ሣጥኗ ውስጥ ቆልፋበት ነበር፤ ለኮከቡ ሥራ እንድትሰጠኝ ስንት ቀን ደጅ ጠናሁ! በመጨረሻ የሰጠችኝ በአንድ ውል ነው። «ባለቤቱ ሲመጣ እንዳስቀመጠው ያግኘው። የምትፈቺውም የምትቀይሪውም ነገር እንዳይኖር።»

ይህ ውል ነው ጉድ የሠራኝ። ካሜራው ውስጥ ቀን የምትይዝ ትንሽ ባትሪ ሞታለች፤ በተከፈተ ቁጥር የተሠራበት ቀን ላይ ተመልሶ ይቀመጣል። አስፈትቼ ላስቀይራት ስል እናቴ «የሰው ዕቃ አትፍቺ ብያለሁ!» ብላ ጮኸችብኝ። እሺ ይሁን አልኩ። ሰዓቱን ከሬዲዮ እየሰማሁ በእጄ እመዘግባለሁ፤ ፎቶውንም ኮምፒዩተሬ ላይ በየቀኑ ስም ፎልደር እየከፈትኩ አስቀምጣለሁ። ኅዳር ይህን ያህል፣ ታኅሣሥ ይህን ያህል እያልኩ፣ በራሳችን ቀን። ወደ ፈረንጁ አቆጣጠር የሚቀይር ቀመርም ኤክሴል ላይ ራሴ ሠራሁ። ሌላ ሰው የሠራውን ለምን አምናለሁ? ጉረኛ አይደለሁም ግን ሒሳብ ማንም አይበልጠኝም ነበር።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ ግቢያችን ውስጥ ካሜራውን እተክላለሁ፤ እናቴ የማሽላ ንግዷን ዘግታ መጥታ አጠገቤ ምንጣፍ ላይ ተስቢህ ይዛ ትቀመጣለች። ኮከቧ ከዞብል ተራራ በላይ ከፍ እስክትል እንጠብቃለን። አንድ ምሽት «ይቺን ነገር ምኗን ነው የምታይው?» አለችኝ። ነገርኳት። ከላይ እንዳልኩት አድርጌ፣ ከዚያም አሳጥሬ።

«እንግዲህ ስትዘገይ፣ የሚያዘገያት አለ ማለት ነው?»

«አዎ።»

«የማይታይ?»

«የማይታይ።»

ከተስቢሁ ጥቂት ፍሬ ገፋች። «ልጄም አግብቶ ይሆናል እኮ» አለች።

ደሜ ፈላ። «እማዬ! ኮከብ ነው የማወራሽ!»

«እኔስ ምን አልኩ? እኔም ኮከብ ነው የማወራው» አለችኝ።

ከዚያች ምሽት ጀምሮ እፎይታ የለኝም። ገና እቃዬን ሳልሰበስብ «ዘገየች?» ትለኛለች። ገና ነው፣ ሒሳቡ አልተሠራም ስላት ታኮርፋለች። ገበያ ላይ ለማሽላ ነጋዴዎቹ «የእኔ ልጅ እኮ የዘገየ ሰው ለምን እንደዘገየ የምታውቅ ናት» እያለች ስታወራ ደርሼባታለሁ። ያ ረቢ! እኔ ስለ ብርሃን መንገድ አስተምሬ፣ እሷ ምራት አገኘችበት።

በጋ ሲመጣ ሰማዩ ጥርት ይላል፤ መከራውም አብሮ ይመጣል። ነፋሱ አቧራውን ከእርሻው አንስቶ ሌንሱ ላይ ያራግፈዋል። ነፋሱ ሲያርፍ መብራት ይሄዳል፤ ለሰማዩስ ደግ ነበር፣ የካሜራው ባትሪ ግን ቻርጅ የለውም። መብራት ሲመጣ ደግሞ ፊት ለፊታችን ያለው ባለ ሱቅ ግቢያችንን ሠርግ ቤት የሚያስመስል አምፖሉን ያበራል። አጥፋልኝ ብዬ ብሄድ «ኮከብሽ ከእኔ አምፖል ካነሰች ምን ኮከብ ናት?» አለኝ። ትምክህቱ! ተጣላን፤ ለረጅም ጊዜ ስኳር እንኳ ከእሱ አልገዛሁም። አንዱን በጋ ደግሞ ኢንተርኔት የሚባል ነገር ጨርሶ ስላልነበረ ልክ ልሥራ ልሳሳት የማመሳክርበት አልነበረኝም። እንዲያም ሆኖ በጋ በበጋ ላይ ተደራረበ፣ መረጃው ሞላ።

ሒሳቡን ስሠራው ዓይኔን ማመን አቃተኝ። በመጀመሪያው በጋ ኮከቧ ልክ በሰዓቷ ናት። በሁለተኛው በጋ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ድረስ በሙሉ፣ ጥቂት ደቂቃ ዘግይታለች። ከዚያ ወዲህ ባሉት ደግሞ ተመልሳ በሰዓቷ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። መሬት ራሷ ፀሐይን ስትዞር የምታመጣውን ልዩነት አስቀድሜ አስተካክያለሁ፤ ጀማሪ የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው፣ እኔ አልወደቅሁም። ይህ መዘግየት የኮከቧ ነው፤ ጓደኛ አላት!

ለአማካሪዬ ላክሁለት። «ለምን በአንድ በጋ ብቻ?» አለኝ። «ምህዋሩ በጣም ሞላላ ስለሆነ ነው ዶክተር» አልኩት፤ ቀመርም ገጠምኩለት፣ ቀመሩም እሺ አለኝ። «እንደዚያም ይሆናል። ግን ደግመሽ አጣሪ» አለ። እኔ ማጣሪያ ጊዜ የት አለኝና! ወሬው መምህራን ክፍል ደረሰ፣ ከዚያ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ፣ ከዚያ ባነር ሆነ። በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ አስጨበጨበልኝ። እናቴ ደግሞ ዳቦ ጋግራ ለጎረቤት አደለች። «ዘገየች አላልኩም? አላልኩም?» ትላለች። ያን ቀን ፊቷ ላይ ያየሁትን ብርሃን ወንድሜ ከሄደ ወዲህ አይቼው አላውቅም። ልቆጣት አልቻልኩም።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ለማቅረቢያው ስዕል ስመርጥ ነው ነገሩ የፈረሰው። ከሁለተኛው በጋ አንድ የሚያምር ፎቶ ነበረኝ፤ ኮከቧ ወደ ላይ፣ ከጥግ በኩል ከተራራው ጫፍ ብቅ ያለች ጨረቃ። የከዋክብቱን ስም ልጽፍበት ብዬ ስልኬ ላይ ያለውን የሰማይ ካርታ ከፈትኩና በቀመሬ የወጣውን የፈረንጅ ቀን አስገባሁ። ከዋክብቱ ቦታቸው ላይ ናቸው። ጨረቃዋ ግን ቦታዋ ላይ የለችም። ካርታው በዚያ ሰዓት ከተራራው ብዙ ከፍ ብላለች ይላል። «ምን አባቱ ያውቃል!» ብዬ አፑን ተሳደብኩ። ሌላ ፎቶ አመጣሁ፤ እዚያም ጨረቃዋ ከቦታዋ ሸሽታለች። ካርታውን አንድ ቀን ወደፊት ገፋሁት። ጨረቃዋ መጥታ ፎቶዬ ላይ ያለችበት ቦታ ላይ ቁጭ አለች። ሁሉም ላይ እንዲሁ ሆነ። የበጋው ፎቶ በሙሉ አንድ አንድ ቀን ጎድሎታል።

የመምህራን ክፍል ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አየሁት። ጳጉሜ!

ቀመሬ ላይ መስከረም አንድን ሁልጊዜ ሴፕቴምበር አሥራ አንድ ብዬ ቸንክሬዋለሁ። ጳጉሜ ስድስት ቀን በሆነች ዓመት ማግስት ግን አዲስ ዓመታችን በአንድ ቀን ይዘገያል፤ ፈረንጆቹ የካቲት ውስጥ የራሳቸውን ትርፍ ቀን እስኪጨምሩ ድረስም እንደተዛነፈ ይቆያል። ሁለተኛው በጋዬ ልክ እዚያ ውስጥ ነው የወደቀው። የእኔዋ ኮከብ ደግሞ በየዕለቱ ከትናንቱ ጥቂት ደቂቃ ዘግይታ ነው የምትደምቀው። የዛሬውን ምሽት ትናንት ብዬ ከጻፍኩት ዘገየች ማለቴ አይቀርም። የዘገየችው ኮከቧ አይደለችም፤ ቀኔ ነው የቀደመው።

የሚያናድደኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ያቺን ስድስተኛ ቀን አስታውሳታለሁ! ደሞዝ የሌላት ጳጉሜ ጭራሽ አንድ ቀን ጨመረችብን ብዬ እዚያው ክፍል ውስጥ ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነበርኩ። በአፌ ረግሜያት በቀመሬ ዘለልኳት። ፈረንጅ እንዲህ አይሳሳትም፤ ጳጉሜ የለውማ። ስለ መሬት መዞር ተጠንቅቄ ተጠንቅቄ በጳጉሜ ተያዝኩ።

ብተወውስ ብዬ አሰብኩ፤ ለምን እዋሻለሁ። ማንም አያየውም። ሰኔ ደርሷል፣ ባነሩ ተሰቅሏል፣ እናቴ ዳቦዋን ጋግራለች። የሚቀረኝ ፎቶውን ከጽሑፉ ማውጣት ብቻ ነው። ግን ኮከቧ የትም አትሄድም፤ ነገ ሌላው ለክቷት በሰዓቷ ሲያገኛት ምን ልል ነው? ቀመሩን አስተካከልኩ። መዘግየቱ ሁሉ ከወረቀቱ ላይ ጠፋ፤ ነጥቦቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብለው ተሰለፉ። ቅልጥ ብዬ አለቀስኩ። ከንዴት ነው እንጂ ከሐዘን አልነበረም።

ለአማካሪዬ ደወልኩ። እስከ መጨረሻው ሰማኝና ሳቀ። «ሞላላ ምህዋርሽ ጳጉሜ ነበረቻ!» አለ።

«ዶክተር፣ እኔ ልሞት ነው እርስዎ ይስቃሉ?»

«አትሞችም። 'አልተገኘም' ብለሽ ጻፊና አቅርቢ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ለአልተገኘም ነው የለፋሁት?»

«ይሄን የሚያህል መዘግየት ቢኖር ኖሮ ይታየኝ ነበር፣ ከዚያ ያነሰ ወይም በጣም ዝግ ያለ ከሆነ ግን አይታየኝም ብለሽ ገደቡን አስቀምጪ። አልተገኘምና የለም አንድ አይደሉም።»

ጽሑፌን ከልሶ መጨረሻው ላይ «ባለን መረጃ ጓደኛ አልተገኘም፤ ይህ ግን ጓደኛ የለም ማለት አይደለም» የሚል ዓረፍተ ነገር አስገባበት። እንዴት እንደጠላሁት! የፈሪ አነጋገር ነው አልኩ። ወይ አለ በል ወይ የለም በል! አወጣሁት፣ መልሶ አስገባው። እንደገና አወጣሁት፣ በቀይ አስምሮ መልሶ አስገባው። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ስነግረው «እንዴት አልተገኘም? ባነሩ እኮ ተሰቅሏል!» አለኝ። ኤዲያ!

ለእናቴ ግን አልነገርኳትም። «ዘገየች?» ስትለኝ «ፈተናው ይለፍና» እያልኩ ሸሸሁ። አቀረብኩ፤ ፈታኞቹ አፋጠጡኝ፣ ስለ ጳጉሜውም ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። አለፍሽ ተባልኩ። ከጽሑፌ አንድ ኮፒ አስፈርሜ፣ ለፈታኞቹ ያሳየሁትን ካሜራም ይዤ ቆቦ ስገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። እናቴ ግቢው ውስጥ ምንጣፏ ላይ ተቀምጣለች።

«አለፍኩ እማዬ።»

«አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!» ሳመችኝ። ከዚያ «ጓደኛዋስ? ምን አሉ?» አለችኝ።

ማምለጫ አልነበረኝም። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። «መዘግየቷ የእኔ ስህተት ነበር። ቀን ተሳስቼ ነው። ኮከቧ አልዘገየችም፤ በሰዓቷ ነው የምትመጣው።»

«አልዘገየችም?»

«አልዘገየችም።»

ተስቢሁ እጇ ላይ ቆመ። ባለ ሱቁ አምፖሉን አበራ፤ ብርሃኑ ፊቷ ላይ ወደቀ። እንዲህ አርጅታ አይቻት አላውቅም። «እንግዲያ የለችም በይኛ» አለች፤ ድምፅዋ ቀጠነ። የምትጠይቀኝ ስለ ኮከብ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። የጠላሁት ዓረፍተ ነገር አፌ ላይ መጣ። ሌላ የምሰጣት አልነበረኝም።

«አልተገኘችም ነው የሚባለው፣ እማዬ። በዚህ ካሜራ፣ እኔ ባየሁበት ጊዜ አልተገኘችም። የለችም ማለት አይደለም።»

«አንቺ ነሽ ያልሽው?»

«የተማሩት ናቸው ያሉት። እዚህ ላይ ተጽፏል፤ ፈርመውበታል።»

ጽሑፉን ተቀበለችኝ። ማንበብ አትችልም፤ ፊርማዎቹን ብቻ በጣቷ አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው። ዘግታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ካሜራውን ከቦርሳዬ አወጣችና በሻሿ ጫፍ አቧራውን ጠረገችለት።

«ነገ ውሰጂና ባትሪዋን አስቀይሪ» አለችኝ።

«አስፈትቼ?»

«አስፈትተሽ። ቀኑን በትክክል ትያዝ። ሲመጣ ምን ያህል እንደዘገየ ይወቀው።»

እሺ አልኳት።